የካንሰር ሕክምና ተሞክሮ ከጉባኤ አዳራሽ እስከ ጤና ጣቢያ፦ ምን ሲቀርብ ነው የሚጠቅመን?

«ተሞክሮ መቀመር» እና «ተሞክሮ ማስፋት» ለአርሶ አደሩ አዲስ ቃላት አይደሉም። በመስመር መዝራትም ኾነ የበጋ መስኖ ስንዴ ከቀበሌ ቀበሌ የተዛመቱት በአብዛኛው በመስክ ጉብኝት ነው። በጉብኝቱ ላይ አርሶ አደሩ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ ሰምቶ ብቻ አይመለስም። ዘሩ ከየት መጣ? ማዳበሪያው ስንት ነበር? መሬቱ ዋልካ ነው ወይስ ቀይ አፈር? ዋግ አልመታውም ወይ? ለአረሙ ስንት ሰው ወጣ? ብሎ ይጠይቃል። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ካለ ጎረቤቱን ያመሰግናል እንጂ ማሳውን ለአዲሱ አሠራር አይሰጥም።

የካንሰር ሕክምና ባለሙያዎችም የየራሳቸውን አሠራር የሚያሳዩባቸው ተመሳሳይ መድረኮች አሏቸው። በአፍሪካ ደረጃ የካንሰር ምርምርና ሥልጠና ድርጅት፣ በምኅጻሩ «አኦርቲክ»፣ በየሁለት ዓመቱ ጉባኤ ይጠራል፤ እ.አ.አ በ2023 ዳካር ላይ ተሰብስቦ ነበር። በአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በየዓመቱ ቺካጎ ላይ በሚያካሂደው ጉባኤ ከመላው ዓለም የመጡ ጥናቶች ይቀርባሉ። በዚያው ሀገር እ.አ.አ በ1974 የተመሠረተው የካንሰር ማዕከላት ማኅበር ደግሞ ለተሻለ አሠራር በየዓመቱ ሽልማት ይሰጣል፤ ተሸላሚዎቹም አሠራራቸውን ለሌሎች ማዕከላት ቡድኖች ያቀርባሉ። በሀገራችንም ሆስፒታሎች፣ ጤና ቢሮዎችና የሙያ ማኅበራት በሚያዘጋጇቸው የምክክር መድረኮች «ምርጥ ተሞክሮ» የሚል ርእስ የማይቀር ኾኗል።

ይኹን እንጂ ከእነዚህ አዳራሾች የሚወጣው ዕውቀት ገጠር ላለች እናት የሚደርሰው መቼ ነው? የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። የዚህ ትንታኔ ጭብጥ አንድ ነው፤ ይኸውም አንድ የካንሰር ሕክምና ተሞክሮ ሌላ ቦታ ሊበቅል የሚችለው አቅራቢው ቡድን ታካሚዎቹ የት ቦታ ላይ እንደሚጠፉ ቆጥሮ፣ ቀዳዳውን በምን እንደደፈነ ሲያሳይ ብቻ ነው። መሣሪያና ሕንጻ ማሳየት ብቻውን ተሞክሮ አይደለም።

ታካሚ የሚጠፋበት መንገድ

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.አ.አ ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር መያዛቸው ይታወቃል፤ ወደ 52 ሺህ የሚጠጋ ሕይወትም በዚሁ በሽታ ያልፋል። በሴቶች ላይ ቀዳሚዎቹ የጡት እና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው የመታከም ዕድላቸው ሰፊ ነው። ኾኖም በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት የጡት ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚኾኑት ሕክምና ተቋም የሚደርሱት በሽታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው።

የዘገዩበት ምክንያት ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። አንዲት አርሶ አደር ጡቷ ላይ እብጠት ብታገኝ መጀመሪያ ስለማያማት ትታገሳለች። ቀጥሎ ጠበል ወይም የባህል መድኃኒት ትሞክራለች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ እብጠቱን እንደ መግል ቆጥሮ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚሰጥ ባለሙያ ሊገጥማት ይችላል። ሪፈር ተጽፎላት ሆስፒታል ብትደርስ ናሙናው ሌላ ከተማ ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ውጤቱ ሲመጣ ስልኳ ላይሠራ፣ መንገዱ ሊዘጋ፣ የመሳፈሪያ ገንዘቡ ሊያልቅ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ብትኾንም የሪፈር ደረጃውን ሳትጠብቅ ከሄደች ወጪዋ ሙሉ በሙሉ አይሸፈንላትም፤ ሆስፒታሉ መድኃኒት ሲያልቅበትም ከውጭ የግል ፋርማሲ ለመግዛት ትገደዳለች። ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶ የጨረር ሕክምና ሲያስፈልጋት ደግሞ ሌላ ጉዞ፣ ሌላ ማደሪያ፣ ሌላ ወረፋ ይጠብቃታል።

በዚህ መንገድ ላይ ያለው እያንዳንዱ መታጠፊያ ታካሚ የሚጠፋበት ቦታ ነው። የጠፋችው እናት ግን በአብዛኛው በሪፖርት ውስጥ አትታይም። ሆስፒታሉ የሚቆጥረው የመጡትን ነውና፤ ያልተመለሱት ባዶ መስመር ኾነው ይቀራሉ። በጉባኤ ላይ ሊቀርብ የሚገባው ተሞክሮ የሚጀምረውም ይህን ባዶ መስመር ከመቁጠር ነው።

ኮምጣጤ ቺካጎ የደረሰበት ጥናት

እ.አ.አ በሰኔ ወር 2013 በቺካጎው ጉባኤ ዋና መድረክ ላይ ከቀረቡት ጥቂት ጥናቶች አንዱ ከሕንድ ሙምባይ የመጣ ነበር። ዶክተር ሱሬንድራ ሻስትሪ የታታ ሜሞሪያል ማዕከልን ወክለው ያቀረቡት ይህ ሥራ ውድ መሣሪያ አልነበረውም። የማኅፀን በር ላይ የተበረዘ ኮምጣጤ አሲድ ሲቀባ ለካንሰር የሚያጋልጥ ለውጥ ያለበት ቦታ ነጭ ኾኖ ይታያል፤ ይህንንም በዐይን ማየት ይቻላል። ምርመራውን ያከናወኑት ሐኪሞች ሳይኾኑ 10ኛ ክፍል ድረስ የተማሩና ለአራት ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ሴቶች ነበሩ። በከተማዋ ድኃ ሠፈሮች የሚኖሩ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች በጥናቱ ታቅፈዋል። ከ12 ዓመታት ክትትል በኋላ ምርመራው በየሁለት ዓመቱ በተሰጠባቸው ሠፈሮች በማኅፀን በር ካንሰር የሚሞቱት በ31 በመቶ ቀንሰው ተገኙ።

ይህ ተሞክሮ ክብደት ያገኘው ኮምጣጤው ርካሽ በመኾኑ ብቻ አይደለም። ማን እንደሠራው፣ ስንት ሳምንት እንደሠለጠኑ፣ በስንት ጊዜ እንደተደገመ፣ ምርመራ ከተደረገላቸው ውስጥ ችግር የተገኘባቸው ወዴት እንደተላኩ፣ በመጨረሻም ስንት ሞት እንደቀረ ተመዝግቦ ስለቀረበ ነው። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ሠፈሮች ሴቶች ለዓመታት ምርመራው ሳይሰጣቸው መቆየቱ ከፍተኛ የሥነ ምግባር ትችት አስነሥቷል። ትችቱ ሊነሣ የቻለውም አሠራሩ በግልጽ ስለቀረበ ነው፤ በመድረክ የቀረበ ሥራ ለጭብጨባ ብቻ ሳይኾን ለጥያቄም መጋለጥ አለበት።

ይኸው የምርመራ ዘዴ በሀገራችን መጀመሪያ ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ሴቶች፣ ቀጥሎም ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች እየተሰጠ ይገኛል። ጠቀሜታው ለውጥ የታየባት ሴት በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ሕክምና ልታገኝ መቻሏ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን ቫይረሱን ራሱን የሚለይ ምርመራን በቀዳሚነት ይመክራል። ኾኖም በየትኛውም ዘዴ ይኹን፣ «ይህን ያህል ሺህ ሴቶችን መረመርን» ተብሎ የሚቀርብ ሪፖርት ግማሽ ታሪክ ነው። ችግር ከተገኘባቸው ውስጥ ስንቶቹ ታከሙ? የሚለው ካልተመለሰ ምርመራው ፍርሃትን አድርሶ መድኃኒቱን አላደረሰም ማለት ነው።

የሃርለም ትምህርት

በኒውዮርክ ሃርለም የኾነው ደግሞ ስለ ጠፉት ታካሚዎች የሚያስተምር ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን በሃርለም ሆስፒታል እ.አ.አ ከ1964 እስከ 1986 የጡት ካንሰር የታከሙ 606 ሴቶችን መዝገብ ሲመረምሩ አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 39 በመቶ ብቻ ኾነው አገኟቸው። ግማሽ ያህሉ ሆስፒታል የደረሱት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ ነበር። ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ድኃና የጤና መድን የሌላቸው ነበሩ። በሀብታም ሀገር፣ በታላቅ ከተማ መካከል፣ ሐኪምና መሣሪያ ባለበት ሁሉ የኾነ ነው።

ሐኪሙ ሁለት ነገር አደረጉ። ለድኃ ሴቶች ነጻ ወይም አነስተኛ ክፍያ ያለው የጡት ምርመራ ከፈቱ። እ.አ.አ በ1990 ደግሞ እብጠት የተገኘባትን ሴት ከመጀመሪያው ጥርጣሬ እስከ ሕክምናው ፍጻሜ የሚከታተል «የታካሚ መንገድ መሪ» የሚባል ሠራተኛ ሥራ አስጀመሩ። ይህ ሰው ቀጠሮ ያስይዛል፤ ካርድ ያወጣል፤ ፍርሃቷን ያዳምጣል፤ የመድን ወረቀቷን ያስጨርሳል፤ ከቀረች ቤቷ ድረስ ይደውላል። እ.አ.አ ከ1995 እስከ 2000 በዚያው ሆስፒታል በታከሙ 325 ሴቶች ላይ በተደረገው ክትትል አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 70 በመቶ ደረሱ። በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ የሚመጡትም ወደ 21 በመቶ ወረዱ። አሠራሩ ከመድረክ መድረክ ተላልፎ እ.አ.አ በ2005 በአሜሪካ የራሱ ሕግ ወጥቶለታል።

የሃርለምን ተሞክሮ ለእኛ ቅርብ የሚያደርገው ዋናው ባለታሪክ ማሽን አለመኾኑ ነው። ታካሚዋን በስሟ የሚያውቅ፣ ስትቀር የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው። ይህን ሥራ በሀገራችን ሠልጥኖ ሊሠራ የሚችል ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለ። ማስረጃም አለን። በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት ለጡት ካንሰር ታካሚዎች ምክርና ክትትል እንዲሰጡ የሠለጠኑ ነርሶች በተመደቡባቸው ሆስፒታሎች ለዓመታት የሚወሰደውን የሆርሞን ክኒን ሳያቋርጡ የቀጠሉት ሴቶች ነርሶቹ ካልተመደቡባቸው ሆስፒታሎች ይበልጥ ብዙ ኾነው ተገኝተዋል። ክኒኑ በሁለቱም ወገን ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ክትትሉ ነው።

በገጠር የተከፈተ የካንሰር ማዕከል

ከሀገራችን አቅም ጋር ይበልጥ የሚነጻጸረው የሩዋንዳ ተሞክሮ ነው። እ.አ.አ በሐምሌ ወር 2012 በሰሜን ሩዋንዳ ቡሬራ ወረዳ በቡታሮ የካንሰር ማዕከል ተከፈተ። አካባቢው ተራራማ ገጠር ነው። የሀገሪቱ ጤና ሚኒስቴርና አጋር ድርጅቱ «ፓርትነርስ ኢን ኸልዝ» ማዕከሉን ሲጀምሩ በቋሚነት የሚቀመጥ የካንሰር ስፔሻሊስት አልነበረም። ሕክምናውን ይሰጡ የነበሩት ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች ሲኾኑ፣ ለእያንዳንዱ የካንሰር ዓይነት ደረጃ በደረጃ የተጻፈ መመሪያ ነበራቸው። ከበድ ያለ ጉዳይ ሲገጥም ቦስተን ካሉ ስፔሻሊስቶች ጋር በስልክና በኢንተርኔት ይመካከሩ ነበር። ታካሚ ለትራንስፖርት ሲቸገር ድጋፍ ይሰጠው ነበር። ሩዋንዳ እስከ 2019 እ.አ.አ የጨረር ሕክምና ስላልነበራት ጨረር የሚያስፈልጋቸው ወደ ጎረቤት ሀገሮች ይላኩ ነበር።

ቀጥሎ የተደረገው ይበልጥ ትኩረት የሚስብ ነው። ማዕከሉ ታካሚዎች ዘግይተው እንደሚመጡ ሲያይ በወረዳው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነርሶችንና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን ጡት እንዴት እንደሚመረመርና የትኛው እብጠት ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት አሠለጠነ። ሥልጠናው የተሰጣቸው ጤና ጣቢያዎች በዕጣ ስለተመረጡ ውጤቱን ማነጻጸር ተቻለ። በሠለጠኑት በኩል ስለ ጡታቸው የሚጠይቁ ሴቶች በረከቱ፤ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ የሚገኝ ካንሰርም ጨመረ። አብሮም ካንሰር ያልኾነ እብጠት ይዘው የሚመጡ ሴቶች ስለበዙ የሆስፒታሉ የምርመራ ሥራ ከበደ። ቡድኑ ውጤቱንም ጫናውንም በይፋ አስታወቀ። ይህን የሰማ ሌላ ሆስፒታል ሥልጠናውን ከመጀመሩ በፊት የአልትራሳውንድና የናሙና ምርመራ አቅሙን ማዘጋጀት እንዳለበት ያውቃል።

የዚህ ተቃራኒ ትምህርት በኡጋንዳ ተገኝቷል። እ.አ.አ በ2016 በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የነበረው የሀገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማሽን ተበላሽቶ አገልግሎቱ እስከ 2018 መጀመሪያ ድረስ ተቋርጦ ነበር። በአንድ ማሽን ላይ የቆመ አገልግሎት ማሽኑ ሲቆም አብሮ እንደሚቆም ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም። ይህችው ኡጋንዳ ግን በሌላ ዘርፍ ለአፍሪካ አርአያ ናት። የላቀ ደረጃ የደረሰ ካንሰር ያለበትን ሰው ሥቃይ ለማስታገስ የሚጠጣ ሞርፊን ሀገር ውስጥ እያዘጋጀች፣ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች እንዲያዝዙት እ.አ.አ በ2004 ፈቅዳለች። በዚህም ሐኪም በሌለበት ገጠር የሚኖር በሽተኛ ከሥቃይ እፎይ የሚልበት መንገድ ተከፍቷል።

አራት የማይታለፉ ጥያቄዎች

ከእነዚህ ማሳያዎች በመነሣት በማንኛውም የካንሰር ሕክምና መድረክ ላይ ለሚቀርብ ተሞክሮ አራት ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይገባል።

የመጀመሪያው «ከስንት ስንት?» የሚለው ነው። 500 ሴቶች ታከሙ ሲባል ታመው ከተገኙት ስንቶቹ ናቸው? ሕክምና ከጀመሩትስ ስንቶቹ ጨረሱ? ሁለተኛው «ማን ሠራው?» ነው። በውጭ ባለሙያ ወይም በአንድ ትጉ ሐኪም ትከሻ ላይ የቆመ አሠራር ሰውየው ሲዛወር ይፈርሳል። ሦስተኛው «ስንት ፈጀ፣ ማን ከፈለ?» ነው። በፕሮጀክት ገንዘብ የተሠራ ሥራ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ በመደበኛ በጀት ይቀጥላል ወይ? አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው «ምን አልተሳካም?» የሚለው ነው። በእኛ መድረኮች ችግር ብዙውን ጊዜ «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» በሚል አንድ ገጽ ተጠቅሎ ይታለፋል። ነገር ግን ሌላው ሆስፒታል ገንዘቡንና የታካሚዎቹን ጊዜ የሚያድነው ከከሸፈው ሙከራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ መለኪያ አስቀምጧል። በጡት ካንሰር በኩል ቢያንስ 60 በመቶ የሚኾኑት ታካሚዎች በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ እንዲገኙ፣ ታካሚዋ ጤና ተቋም ከደረሰች በ60 ቀናት ውስጥ የምርመራ ውጤቷን እንድታውቅ፣ ቢያንስ 80 በመቶ የሚኾኑት ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ ይላል። በማኅፀን በር ካንሰር በኩል ደግሞ እስከ 2030 እ.አ.አ 90 በመቶ ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፣ 70 በመቶ ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ ችግር ከተገኘባቸው 90 በመቶዎቹ እንዲታከሙ ግብ ተጥሏል። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራ በኋላ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ዶዝ አስፍታዋለች። በትምህርት ቤቶች በኩል በመሰጠቱ ክትባቱ ለብዙ ልጃገረዶች ደርሷል፤ ከትምህርት ገበታ የራቁትን የት እናገኛቸዋለን? የሚለው ግን በየወረዳው ሊቀርብ የሚገባው ተሞክሮ ነው።

በሕክምና በኩልም ለውጥ አለ። ለዓመታት የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ታካሚዎች ወራት ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ አሁን ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ጎንደርን ጨምሮ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የካንሰር መድኃኒት ሕክምና ይሰጣል። አገልግሎቱ ወደ ሕዝቡ መቅረቡ የሚያስመሰግን ነው። ማዕከላቱ ሲበዙ ግን እርስ በርስ ሊማማሩበት የሚችሉበት ሐቀኛ መድረክ ያስፈልጋቸዋል።

የነዋሪው ድርሻ

ጉባኤው የባለሙያዎች ቢኾንም ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። በወረዳ የሕዝብ ውይይት ላይ ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ እንደሚጠየቀው ሁሉ ስለ ሪፈርም መጠየቅ ይቻላል። በጤና ጣቢያችን ጡት መመርመር የሠለጠነ ባለሙያ አለ? የማኅፀን በር ምርመራ በሳምንት ስንት ቀን ይሰጣል? ናሙና ሲወሰድ ውጤቱን ለታካሚዋ የሚደውልላት ማን ነው? የጤና መድናችን ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል አለው? እነዚህ ቀላል ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው ግን ሰው የሚያተርፍ ነው።

ቤተሰብም ማወቅ ያለበት አለ። የማያም የጡት እብጠት፣ የጡት ቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚታይ ደም ለምርመራ የሚያስሄዱ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ሳይመረመር ግን አይታወቅም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሕክምናውን ሳያቋርጥ መጠመቅ እንደሚችልም የሃይማኖት አባቶች ቢያስተምሩ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። ዕድርና ማኅበር ለቀብር እንደሚያዋጡ ሁሉ ለሕመምተኛ መሳፈሪያና ማደሪያ ቢያዋጡ ሕክምናዋን የምታቋርጠው እናት ቁጥር ይቀንሳል።

በቀጣዩ የጤና ጉባኤ አንድ ቡድን ተሞክሮውን ሊያቀርብ ሲነሣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሕንጻ ፎቶግራፍ ወይም የሠልጣኞች ብዛት ባይኖር ይመረጣል። እብጠት ይዘው ከመጡት ሴቶች ስንቶቹ በ60 ቀናት ውስጥ ውጤታቸውን እንዳወቁ የሚናገር አንድ ቁጥር ይበቃል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ቢኾን እንኳ አያሳፍርም፤ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚሠራ የሚነግረን እሱ ነውና።